የሰው ኃይል መቀነስ የድንገተኛ ምላሽ ጊዜን እንዴት ያራዝማል? የወልድያ፣ የመርሳና የሐብሩ ሁኔታ

የምላሽ ጊዜ የሚባለው የእርዳታ ጥሪ ከተሰማበት ደቂቃ አንሥቶ የመጀመሪያው ረዳት ከተጎጂው ዘንድ እስከሚደርስ ያለው ጊዜ ነው። ይህም በተግባር ሦስት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ጥሪው ተሰምቶ ለሚመለከተው ክፍል እስከሚተላለፍ፣ ሁለተኛው ሠራተኛው ተጠርቶ ተሽከርካሪው ከቆመበት እስከሚንቀሳቀስ፣ ሦስተኛው ደግሞ በመንገድ ላይ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ስለ ድንገተኛ አገልግሎት መዘግየት ሲነሣ ጣት የሚቀሰረው አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው፣ ማለትም በመንገዱ ላይ ነው። በሰሜን ወሎ መንገዱ በእርግጥ ያስወቅሳል። ይሁን እንጂ መንገዱ ሳይበላሽ፣ መኪናውም ሳይጎድል፣ የሰው ኃይል ብቻ ሲቀነስ የምላሽ ጊዜ በእጥፍና ከዚያም በላይ ሊረዝም እንደሚችል በጤና ባለሙያዎች ዘንድ በቂ ትኩረት ያገኘ አይመስልም። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረውም በዚሁ ላይ ነው።

ሐብሩ ከሰሜን ወሎ ዞን ወረዳዎች አንዱ ሲሆን ዋና ከተማው መርሳ ነው። መርሳ ከዞኑ ዋና ከተማ ከወልድያ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቐለ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የወረዳው ነዋሪ 192,742፣ የወልድያ ከተማ ነዋሪ ደግሞ 46,139 ነበር። የወረዳው ስፋት 1,240 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲሪንቃና ውርጌሳ በአውራ ጎዳናው ላይ ሲገኙ፣ ከጎዳናው የራቁት ቀበሌዎች በምዕራብ ወደ ደጋው በሚወጡት፣ በምሥራቅም ወደ አፋር ቆላ በሚወርዱት ተረተሮች ላይ ተበትነዋል። ወረዳው ክብ ቅርጽ አለው ቢባልና አንድ አምቡላንስ መሐሉ ላይ ቢቆም፣ ከአንድ ቤት እስከ አምቡላንሱ ያለው አማካይ ርቀት በቀጥታ መስመር 13 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በጠመዝማዛ ጥርጊያና በእግር መንገድ ሲቆጠር ርቀቱ ከዚህ ይበልጣል።

ከውጭ አገር የተገኘ ልምድ

የሠራተኛ ቁጥርና የምላሽ ጊዜ ግንኙነት በስፋት የተጠናው በእሳት አደጋ መከላከል አገልግሎት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር መመዘኛ፣ ቡድኑ ጥሪ ከደረሰው በኋላ ለመነሣት ለእሳት 80 ሰከንድ፣ ለሕክምና ጥሪ 60 ሰከንድ፣ ለመጀመሪያው መኪና ጉዞ ደግሞ 4 ደቂቃ ይፈቅዳል። በአንድ መኪና ላይም ቢያንስ አራት ሠራተኞች እንዲኖሩ ይጠይቃል። አራት የተባለው በዘፈቀደ አይደለም። የዚያው አገር ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የሙከራ ጥናት፣ አራት አባላት ያሉት ቡድን በመኖሪያ ቤት ቃጠሎ ላይ መሠራት ያለባቸውን 22 ተግባራት፣ ሁለት አባላት ካሉት ቡድን በ30 ከመቶ፣ ሦስት አባላት ካሉት ደግሞ በ25 ከመቶ ፈጥኖ አጠናቋል። መኪናው በሰዓቱ ቢደርስም ውኃ የሚዘረጋው፣ በር የሚሰብረውና ሰው ፍለጋ የሚገባው አንድ ሰው ከሆነ እርዳታው ደረሰ ለማለት ያስቸግራል።

የለንደን ተሞክሮ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 በበጀት ቅነሳ ምክንያት 10 የእሳት አደጋ ጣቢያዎች ተዘጉ፤ 14 መኪናዎችና 552 የሥራ መደቦችም ተቀነሱ። የከተማዋ አማካይ የመድረሻ ጊዜ ከተቀመጠው የ6 ደቂቃ ግብ በታች እንደሆነ ቀጠለ። ጣቢያ በተዘጋባቸው ሠፈሮች ግን ጊዜው ረዘመ። አማካይ ቁጥር ጉዳቱን በሰፊው ሕዝብ ላይ አሰራጭቶ ይሸፍነዋል፤ ጉዳቱ የሚያርፈው ግን በተወሰኑ ቤቶች ላይ ነው።

በአገራችን ሙያተኛ የእሳት አደጋ ብርጌድ በዋነኛነት የትልልቅ ከተሞች አገልግሎት ነው። በአዲስ አበባ በ939 የሚጠራው ተቋም እንኳ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ በተነሣው ቃጠሎ እንደታየው፣ በመተላለፊያ መንገድ ጥበት ይፈተናል። በአብዛኞቹ የወረዳ ከተሞች እሳት ሲነሣ የሚደርሰው ጎረቤት ነው፤ ውኃ የሚያመጣው ለግንባታ የተከራየ ቦቴ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንደ ሐብሩ ባለ ወረዳ የድንገተኛ ምላሽ ማለት በተግባር አምቡላንሱ፣ የጤና ጣቢያው ተረኛና የአካባቢው ቅሬ ናቸው። ቀጥሎ የቀረበው ስሌት ለእሳት አደጋ መኪና የተባለውን ያህል ለአምቡላንስም ይሠራል።

አንድ አምቡላንስ ሲቀነስ

ፒተር ኮልሳርና ኤድዋርድ ብለም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኒው ዮርክን የእሳት አደጋ መኪናዎች ሲያጠኑ አንድ ቀላል ሕግ አገኙ። በአንድ ሰፊ አካባቢ አማካይ የጉዞ ርቀት ነፃ ሆነው በሚጠባበቁ መኪናዎች ቁጥር ካሬ ሥር ልክ ይቀንሳል፤ መኪናዎቹ ከአራት ወደ ሁለት ቢወርዱ ርቀቱ በ41 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ልብ ሊባል የሚገባው «ነፃ ሆነው» የሚለው ነው። ጋራዥ የገባ፣ ነዳጅ የጨረሰ ወይም ሪፈር ይዞ የሄደ መኪና በስሌቱ ውስጥ አይቆጠርም።

ይህ ሕግ የሚሠራው መንገዶች በየአቅጣጫው ለተዘረጉበት ከተማ ነው። ወልድያና መርሳ በአንድ ጎዳና የተያያዙ በመሆናቸው ሁኔታው ይከፋል። በሁለቱ ከተሞች አንዳንድ አምቡላንስ ቆሞ በመካከላቸው ባለው 30 ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድ ቦታ ላይ የመኪና አደጋ ቢደርስ፣ ቅርብ የሆነው አምቡላንስ በአማካይ 7.5 ኪሎ ሜትር፣ ቢበዛ 15 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የመርሳው ቢቀር አማካዩ 15፣ ከፍተኛው 30 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢኬድ አማካዩ ጊዜ ከ11 ደቂቃ ወደ 22 ደቂቃ ያድጋል፤ በመርሳ መግቢያ ላይ የወደቀው ተጎጂ ደግሞ 45 ደቂቃ ይጠብቃል። በመስመር ላይ የመኪና ቁጥር በግማሽ ሲቀነስ ርቀቱ በእጥፍ ይጨምራል ማለት ነው።

ከርቀቱ የበለጠ የሚጎዳው ግን አምቡላንሱ በሥራ ተይዞ መገኘቱ ነው። ለምሳሌ በአንድ ወረዳ በቀን አራት ጥሪ ቢኖርና እያንዳንዱ ጥሪ አምቡላንሱን ለሦስት ሰዓት ቢይዘው ብለን እናስብ። አንድ አምቡላንስ ብቻ ካለ ከሦስት ጥሪዎች አንዱ፣ ማለትም 33 ከመቶ ያህሉ፣ «አምቡላንሱ ወጥቷል» የሚል መልስ ያገኛል። ሁለት ቢሆኑ ይህ ወደ 8 ከመቶ ገደማ ይወርዳል። ሪፈሩ ከወልድያ አልፎ ወደ ደሴ ሲሆን ሁኔታው ይለወጣል። ከወልድያ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያው ፍጥነት ደርሶ መልሱ ብቻ ስድስት ሰዓት ይወስዳል። አራቱም ጥሪዎች ስድስት ስድስት ሰዓት ቢፈጁ ባለ አንድ አምቡላንሱ ወረዳ ከጥሪዎቹ ግማሹን ያጣል፤ ሁለት ያለው አምስት አንዱን።

እዚህ ላይ ለሪፖርት አዘጋጆች አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ከሁለቱ አምቡላንሶች አንዱ ሲቀነስ የሚያዘው መዝገብ የተሳኩ ጉዞዎችን ብቻ ከሆነ፣ አማካይ የምላሽ ጊዜው እምብዛም ላይለወጥ ይችላል። ነዳጅ ይቆጠባል፤ የጥገና ወጪም ይቀንሳል። ወረቀቱ ላይ ቅነሳው የተሳካ ይመስላል። መልስ ያላገኘችው እናት ግን በየትኛውም አምድ አልተጻፈችም።

መኪና ቆሞ ሾፌር ሲጠፋ

ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ለየወረዳው ቢያንስ አንድ አምቡላንስ ለማዳረስ ሰፊ ሥራ መሥራቱ ይታወቃል። በዚያን ጊዜ ዐይን ሁሉ ያረፈው በመኪናው ላይ ነበር። የመኪና ርክክብ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የሾፌር መደብ ግን ፎቶግራፍ የለውም። በሳምንት 168 ሰዓት አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሚፈቅደው መደበኛ የሥራ ጊዜ በሳምንት 48 ሰዓት በመሆኑ፣ አንድ አምቡላንስ ሌሊትና ቀን ዝግጁ እንዲሆን በሒሳብ ብቻ 3.5 ሾፌር ያስፈልገዋል። የዓመት ፈቃድ፣ ሕመምና ሐዘን ሲታሰብ ከአራት አያንስም። አንድ ሾፌር ብቻ ያለው አምቡላንስ በሕጉ መሠረት ቢሠራ በሳምንቱ ውስጥ የሚኖረው ለ29 ከመቶው ጊዜ ነው። ከሁለት ሾፌሮች አንዱ ሲለቅ መደቡን ክፍት አድርጎ ማቆየት፣ መኪናው ቆሞ ቢታይም፣ ግማሽ አምቡላንስ እንደ መሸጥ ይቆጠራል።

እርግጥ ነው፣ ሾፌሮቹ ሕጉ እንደሚለው አይሠሩም። ስልካቸውን ከራስጌ አድርገው ይተኛሉ፤ በሌሊት ሲጠሩም ይነሣሉ። የአገልግሎቱ መቀጠል ለብዙ ዓመታት የተመሠረተው በዚህ ዓይነቱ ትጋት ላይ ነው። ነገር ግን ለ17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው የአእምሮ ቅልጥፍና፣ በደሙ ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል በጥናት ታውቋል። ከዚህም ሌላ ከቤቱ ተጠርቶ፣ ለብሶ፣ መኪናው ወደ ቆመበት በእግሩ የሚመጣ ሾፌር የመነሻ ጊዜውን ከአንድ ደቂቃ ወደ ግማሽ ሰዓት ያደርሰዋል። በዚህ ጊዜ አምቡላንሱ ገና አንድ ሜትር አልተንቀሳቀሰም።

ከሾፌሩ ጎን ማን ይቀመጣል የሚለው ጥያቄም አለ። በመኪናው ላይ የተመደበ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ከሌለ ሕሙሙን አጅቦ የሚሄደው የጤና ጣቢያው አዋላጅ ወይም ነርስ ነው። በሌሊት ተረኛዋ አንዲት አዋላጅ ብቻ ከሆነች ምርጫው ሁለት ነው፤ ደም የሚፈስሳትን እናት ያለ ባለሙያ መላክ፣ ወይም የማዋለጃ ክፍሉን ዘግቶ መሄድ። ሁለቱም ሲደረጉ ይታያል። የጤና ጣቢያ ሠራተኛ መቀነስ የአምቡላንስ አገልግሎትን የሚጎዳው በዚህ በኩል ነው፤ የሁለቱን በጀት ለየብቻ የሚያይ አካል ይህን ላያስተውል ይችላል።

መኪና የማይገባበት ቀበሌ የመጀመሪያው የጉዞ ክፍል ቃሬዛ ነው። በወሎ ቅሬ የሚባለው፣ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም የሚያሰባስበው ማኅበር፣ ሙት ቀብሮ ሐዘንተኛ እንደሚያጽናና ሁሉ ሕሙም ተሸክሞ ወደ ጎዳና ያወጣል። ቃሬዛ በአንድ ጊዜ አራት ሰው ይሸከመዋል። አሥር ኪሎ ሜትር በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ሲኬድ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ይህም ተለዋጭ ተሸካሚ ካለ ነው። ወጣቶች ወደ ዐረብ አገርና ወደ ከተማ በተሰደዱበት መንደር ያው አራት ሰው እየተሸከመ እያረፈ ስለሚሄድ ጉዞው ይረዝማል። ይህም የሰው ኃይል መቀነስ ነው፤ የሚቆጥረው መሥሪያ ቤት ግን የለም።

ከጦርነቱ ወዲህ

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር በነበሩበት ወቅት የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋልም። በክልሉ በጠቅላላው 40 ያህል ሆስፒታሎችና ከ450 በላይ ጤና ጣቢያዎች ጉዳት እንደደረሰባቸው በመንግሥት ተገልጿል። አልጋና ማይክሮስኮፕ በእርዳታ ሊተካ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ አካባቢውን ለቀው የሄዱ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ግን በጭነት መኪና አይመጡም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተነሣው የትጥቅ ግጭት ደግሞ ጉዞውን ራሱን አደገኛ አድርጎታል። ሂውማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2016 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በጤና ተቋማት፣ በባለሙያዎችና በአምቡላንሶች ላይ የደረሱ ጥቃቶችን ዘርዝሯል፤ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ወገል ጤና በአንድ አምቡላንስ ላይ ደርሶ ቢያንስ አራት ሰላማዊ ሰዎችን ገደለ ያለው የድሮን ጥቃት ከነዚህ አንዱ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ አንድ ሾፌር ሥራውን ቢለቅ በእሱ ቦታ ለመቀጠር የሚደፍር ሰው ማግኘት ቀላል አይሆንም። ክፍት የሆነው መደብ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

የዘገየው ሰዓት በሕሙሙ ላይ

በእናቶች ጤና ሥነ ጽሑፍ ውስጥ የታወቀ ግምት አለ። ሕክምና ካልተገኘ ሕመሙ ከጀመረ እስከ ሞት ያለው አማካይ ጊዜ ከወሊድ በፊት ለሚከሰት ደም መፍሰስ 12 ሰዓት፣ ለማሕፀን መተርተር አንድ ቀን፣ ለኤክላምፕሲያ ሁለት ቀን፣ ለታገደ ምጥ ሦስት ቀን ነው። ከወሊድ በኋላ ለሚከሰት ደም መፍሰስ ግን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ከላይ በምሳሌ የተወሰደው አንድ ጉዞ ሦስት ሰዓት እንደነበር ማስታወስ ይጠቅማል። አምቡላንሱ ገና በመውጣት ላይ እያለ የተደወለ ሁለተኛ ጥሪ የደም መፍሰስ ከሆነ፣ መኪናው ተመልሶ እስኪመጣ መጠበቅ ሕክምና አይባልም። ማሕፀን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን፣ ፈሳሽና ትራንዛሚክ አሲድ ባሉበት ቦታ መጀመር አለባቸው። ከ40,000 በላይ ደም የፈሰሳቸውን ሕሙማን መረጃ አጣምሮ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ትንተና እንዳመለከተው፣ ትራንዛሚክ አሲድ በ15 ደቂቃ በዘገየ ቁጥር ሕይወት የማትረፍ ጥቅሙ በ10 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ከሦስት ሰዓት በኋላም ጥቅም አይገኝበትም።

ሁለተኛው ምሳሌ ቃጠሎ ነው። የሣር ክዳን ቤት፣ ኩራዝ፣ ክፍት ምድጃና የሚጥል በሽታ በአገራችን ገጠር የቃጠሎ የታወቁ ምክንያቶች ናቸው። የተቃጠለ አካልን በሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ይጠቅማል፤ ቅቤ፣ ጭቃና የጥርስ ሳሙና ግን ሊቀቡ አይገባም። ይህን ለማድረግ አምቡላንስ አያስፈልግም። በጢስ የታፈነ ሕሙም ላይ ፐልስ ኦክሲሜትር ማታለሉም አይዘንጋ፤ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን የያዘ አስመስሎ ያነባል። ጋዙ በተራ አየር በግማሽ ለመቀነስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ሲፈልግ፣ በከፍተኛ መጠን በሚሰጥ ኦክስጅን ይህ ወደ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ያጥራል። በአምቡላንሱ ላይ የተሞላ የኦክስጅን ሲሊንደርና የሚከፍተው ሰው መኖሩ ለውጥ የሚያመጣው በዚህ ነው።

የፈሳሽ ሕክምናውም ከሰዓቱ ጋር የተሳሰረ ነው። በፓርክላንድ ቀመር መሠረት 60 ኪሎ ግራም የምትመዝንና 30 ከመቶ ሰውነቷ የተቃጠለ ሴት በ24 ሰዓት 7,200 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት ያስፈልጋታል፤ ግማሹ፣ ማለትም 3,600 ሚሊ ሊትሩ፣ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ይሰጣል። ስምንቱ ሰዓት የሚቆጠረው ከቃጠሎው ጀምሮ እንጂ ሆስፒታል ከደረሰችበት አይደለም። ወዲያው ቢጀመርላት በሰዓት 450 ሚሊ ሊትር ነው። ያለ ፈሳሽ ሦስት ሰዓት ጠብቃ ብትደርስ በቀረው አምስት ሰዓት በሰዓት 720 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በዚህ ፍጥነት ማካካስ የራሱ አደጋ አለው። በዚህ ዘመን በኪሎ ግራም ከ4 ይልቅ በ2 ሚሊ ሊትር የሚጀምሩ ብዙዎች ናቸው፤ በየትኛውም መንገድ መለኪያው የሽንት መጠን ሲሆን ለዚህች ሴት በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ያህል መሆን አለበት። ቀላሉ መፍትሔ ግን ፈሳሹ አምቡላንሱ ሳይመጣ በጤና ጣቢያው መጀመሩ ነው።

መዝገቡ

የሠራተኛ መደብ እንዲመለስ ወይም እንዲጨመር የሚጠይቅ የጤና ጽሕፈት ቤት ከቁጭት በላይ ማስረጃ ያስፈልገዋል። ማስረጃው በእጅ ላይ ባለ ደብተር ሊያዝ ይችላል። ለእያንዳንዱ ጥሪ የተደወለበት፣ ተሽከርካሪው የተንቀሳቀሰበት፣ ከሕሙሙ የደረሰበትና ሕሙሙ ለተቀባዩ ተቋም የተሰጠበት አራት ሰዓቶች ይጻፋሉ። ከተደወለበት እስከ ተንቀሳቀሰበት ያለው ጊዜ ረጅም ከሆነ የጎደለው ሾፌር ነው። ከተንቀሳቀሰበት እስከ ደረሰበት ያለው ከረዘመ ግን መንገድ ወይም የመኪናው ማደሪያ ቦታ ነው። ለሁለቱ ሕመሞች አንድ መድኃኒት አይሰጥም። ከሁሉ በላይ ደግሞ «አምቡላንሱ ወጥቷል» ወይም «ሾፌር የለም» የተባሉት ጥሪዎች ከነምክንያታቸው በተለየ አምድ መያዝ አለባቸው። በወሩ መጨረሻ ለወረዳው አስተዳደር ከአማካዩ ይልቅ የነዚህ ቁጥርና ከአንድ ሰዓት በላይ የጠበቁት ሕሙማን ድርሻ ቢቀርብ ይሻላል።

ሰዓቱ ሲጻፍም ጥንቃቄ ያሻል። በገጠሩ የሚነገረው ሰዓት የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን የተንቀሳቃሽ ስልክና የሆስፒታል መሣሪያ ሰዓት ብዙ ጊዜ የውጭው ነው። በሪፈር ወረቀት ላይ ቃጠሎው በ8፡30 ደረሰ ተብሎ ብቻ ቢጻፍ፣ ከቀኑ 8፡30 የነበረውን ተቀባዩ ሐኪም የጠዋት 2፡30 አድርጎ ሊረዳው ይችላል። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። ከላይ በተጠቀሰችው ሴት ላይ ይህ ስሕተት ቢፈጸም የመጀመሪያው ስምንት ሰዓት አልቋል ተብሎ ፈሳሹ በማያስፈልግበት ጊዜ ይቀነስባታል። ስለዚህ ከሰዓቱ ፊት ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ ወይም ከሌሊቱ የሚለው ቃል ሳይጻፍ ወረቀቱ ከጤና ጣቢያው አይውጣ።